ጊዜዬ የት ነው የሚሄደው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሥራዬ ሒሳብ ነው። ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ደረሰኝ ስደምር፣ መዝገብና ካዝና ሳስታርቅ ነው የምውለው። ከሁለት ዓመት በፊት ይሄንኑ በራሴ ሰዓት ላይ ሞከርኩት፤ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው የምለውንና ሰዓቴ የሄደበትን ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። አልገጠመም። ጉድለቱን ቡና ላይ ለጓደኞቼ አወራሁ፣ ከዚያ ወዲህ የማይጠይቀኝ የለም፤ የመሥሪያ ቤት ሰው፣ የዕቁብ ሰው፣ የልጄ አስተማሪ እንኳን ሳትቀር። ጥያቄው ተመሳሳይ ስለሆነ እዚህ አንድ ላይ ጻፍኩት። አማካሪ ምናምን አይደለሁም፣ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ።

ለእኔ ቅድሚያ የሚሰጠው ነገር ምን እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

ብትጠይቁት መልስ የሌለው ሰው የለም። ፈጣሪ፣ ቤተሰብ፣ ጤና፣ ሥራ። እኔም እንደዚያው ነበር የጻፍኩት፣ አንደኛ ላይ «እናቴ» የሚል አለ። እናቴ ይርጋለም ነው ያለችው፣ መኪና ከተገኘ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ አንድ ሳምንት ሰዓቴን መዘገብኩና ከእሷ ጋር ያሳለፍኩትን ደመርኩ፦ 11 ደቂቃ። በስልክ። ከ11ዱ ደግሞ አራቱ «ሃሎ፣ ሃሎ፣ አይሰማም» ነበር።

ስለዚህ ከዝርዝር አትጀምሩ። ከቁጭት ጀምሩ። ባለፈው ወር ሳላደርገው ቀርቼ ማታ ትራስ ላይ የቆጨኝ ምንድን ነው? ደግሞ ማንም ሳያየኝ፣ ማንም «ጎበዝ» ሳይለኝ የማደርገው ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ ቅድሚያ የምንለው ሰው ፊት ሲባል ደስ የሚለውን ነው። እኔ ለምሳሌ «ንባብ» ብዬ ጽፌ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር ከተማሪ ቤት ወዲህ አንድ መጽሐፍ አልጨረስኩም፣ አልቆጨኝምም። ሰረዝኩት። ቅልል አለኝ።

ከሦስት አታስበልጡ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ይባላል፤ እኛ አምስት ዛፍ ላይ ነው የምንሞክረው። ደግሞ «ቤተሰብ» ብላችሁ አትተዉት፣ እሱ ሰዓት ላይ አይቀመጥም። «በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ከሰዓት እናቴ ጋ» የሚለው ይቀመጣል።

ሰዓቴን የግድ መመዝገብ አለብኝ? በየደቂቃው?

መመዝገብ አዎ፣ በየደቂቃው አይደለም። አሌክሳንደር ሊዩቢሽቼቭ የሚባል የሶቪየት የሥነ ሕይወት ሊቅ በፈረንጆቹ ከ1916 ጀምሮ በ1972 እስኪሞት ድረስ ሰዓቱን መዝግቧል፣ ሃምሳ ስድስት ዓመት ማለት ነው። እኔና እናንተ ግን አንድ ሳምንት ይበቃናል። የበዓል ሳምንት ወይም ሐዘን ያለበት ሳምንት አትምረጡ፣ ተራ ሳምንት ይሁን።

የእኔ መዝገብ የልጄ ያለቀ የሒሳብ ደብተር ጀርባ ነው። የአንዱን ማክሰኞ እንዳለ ልገልብጠው፦

«12፡15 ተነሳሁ። እስከ 1፡40 ቁርስ፣ ልጅ ማዘጋጀት፣ የጠፋ ካልሲ ፍለጋ። 1፡40–2፡10 ባጃጅ። እስከ 6፡30 ሥራ። ምሳ። 7፡30–11፡30 ሥራ። 11፡30–12፡15 ትንሽ ቆሜ ሳወራ። 12፡15–12፡45 ባጃጅ። እስከ 2፡10 ራት፣ ዕቃ ማጠብ፣ ልጅ ማስተኛት። 2፡10–4፡25 ስልክ።»

«ትንሽ ቆሜ ሳወራ» የምትለዋን እዩልኝ። አርባ አምስት ደቂቃ ናት። ባልጽፋት ኖሮ አምስት ደቂቃ ነበር ብዬ እምል ነበር። ለዚህ ነው ወዲያው ወዲያው ጻፉ የምለው። ማታ አስታውሼ እሞላዋለሁ ካላችሁ መዝገብ ሳይሆን ተረት ነው የምትጽፉት፣ በተረቱ ውስጥ ደግሞ ሁላችንም ታታሪ ነን።

ከሥራና ከእንቅልፍ በኋላ ምን ሊተርፈኝ ነው?

እንደምር። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። በቀን ስምንት ሰዓት ከተኛን 56 ይሄዳል፣ 112 ቀረ። ሥራ፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይላል፣ እኔ ጋ ልኩን 48 ነው፣ ስለዚህ 64 ቀረ። ቤቴ ካለበት ከአቶቴ ሰፈር ፒያሳ መመላለስ በቀን አንድ ሰዓት፣ በስድስት ቀን 6። 58 ቀረ። መብላት፣ መታጠብ፣ መልበስ በቀን ሁለት ሰዓት፣ 14። 44 ቀረ። ማብሰል፣ ማጠብ፣ ልጅ፣ በቀን ሦስት ሰዓት፣ 21። 23 ቀረ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን 4፣ ለቅሶና ጥየቃ በአማካይ 5። የተረፈው 14 ሰዓት። በቀን ሁለት ሰዓት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ላንሳ። አንደኛ፣ ባለቤቴ ደብተሩን ሲያይ «የቤት ሥራ ሦስት ሰዓት?» አለ። የእሱን እስቲ መዝግብ አልኩት፣ መዘገበ፣ ያቺ መስመር በቀን 40 ደቂቃ ወጣች። ያን ማታ የተነጋገርነውን እዚህ አልጽፈውም፣ ግን አሁን ዕቃ የሚያጥበው እሱ ነው።

ሁለተኛው የባሰው ነው። ያን ሳምንት ስልክ ላይ ያጠፋሁት ሲደመር 19 ሰዓት ሆነ። የነበረኝ ትርፍ 14። አምስቱ ከየት መጣ? የእንቅልፍ መስመሩን ስደምር 56 መሆን የነበረበት 51 ነው። ካዝና ሲጎድል አንድ ሰው ወስዷል ማለት ነው፣ እዚህም ወሳጇ እኔው ነኝ። ሰው «ጊዜ የለኝም» ሲል ብዙ ጊዜ ከእንቅልፉ ተበድሮ ነው የሚኖረው፣ ወለዱን ደግሞ ሐሙስና ዓርብ ልጁ ላይ በመጮህ ይከፍላል።

ለቅሶ፣ ዕድር፣ ሠርግ፣ ክርስትና... እነዚህን ካልተውኩ እንዴት ነው ጊዜ የሚኖረኝ?

በጣም የምጠየቀው ይሄ ነው፤ የሚጠይቁኝም መልሴ «ተዉት» እንዲሆን ፈልገው ይመስለኛል። አይደለም። አባቴ ሲሞት ቤታችን ሦስት ቀን ሰው አልጎደለበትም። ማን ምን ብሎ እንዳጽናናኝ አንድም አላስታውስም። ጓሮ ቁጭ ብላ አንድ ማዳበሪያ ሽንኩርት የላጠችውን ጎረቤት ግን አልረሳትም፣ ዓይኗ ቀልቶ ለአባቴ ያለቀሰች መስሎኝ አቅፌያት «ኧረ ሽንኩርቱ ነው እሙዬ» አለችኝ። ያ ሰዓት የባከነ ከሆነ ያልባከነ ሰዓት የለም። የውጭ አገር ምክሮች ይሄን አያውቁትም፤ እነሱ ጋ ሰው ቀኑን ለብቻው ይዞ የሚኖር ይመስል ነው የሚጻፈው።

ግን ደብተሩን ሳየው ማኅበራዊ ኑሮ ብዬ የደመርኩት ውስጥ ለቅሶው ትንሹ ነው። ከለቅሶ ስመለስ አንድ ቤት ጎራ ብዬ የቆየሁት ይበልጣል። ሠርግ ደግሞ አንድ ቀን መሆኑ ቀርቷል፤ ሽምግልናው አለ፣ ጥሎሹ አለ፣ ሠርጉ አለ፣ መልሱ አለ፣ ቅልቅሉ አለ፣ ከዚያ የሠርጉን ቪዲዮ እንይ የሚል አለ። ሁሉም ላይ ካልተገኘሁ የሚቀየሙኝ ስንት ናቸው ብዬ ቁጭ ብዬ ስም ጻፍኩ። 12 ሰው። ለእነዚህ ሁሉንም ቀን እሄዳለሁ፣ ሽንኩርትም እልጣለሁ። ለሌላው አንዴ እሄዳለሁ፣ በጊዜ እሄዳለሁ፣ ስልኬን ቦርሳ ከትቼ እቀመጣለሁ። ለቅሶ ከሆነ ከሥራ በፊት ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መድረስን የመሰለ የለም፣ ድንኳኑ ጭር ያለ ነው፣ ሐዘንተኛውም መምጣታችሁን ልብ ይላል። ማታ መቶ ሰው መሀል ገብቶ «እግዜር ያጽናችሁ» ብሎ ሁለት ሰዓት ስለ ኳስ ከማውራት ይሻላል።

ቡናም እንደዚሁ። ድሮ በሳምንት አራት ቤት እየገባሁ ሁሉም ጋ አቦልን ጠጥቼ፣ ቶናን ተቻኩዬ፣ በረካን ሳልጠጣ እየወጣሁ ማንንም አላስደስትም ነበር። አሁን ቅዳሜ አንድ ቤት እገባለሁ፣ በረካው እስኪያልቅ ፍንክች አልልም።

የሐበሻ ቀጠሮስ? እኔ ባከብርም ሌላው አያከብርም።

የእኔ ዘዴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ብቻዬንም ብሆን የምሆንበት ቦታ እቀጥራለሁ። «ስምንት ሰዓት ሐይቅ ዳር» ካልኩ ሰውየው ዘጠኝ ቢመጣም አልተጎዳሁም፣ ነፋስ እየበላሁ ነበር። ሁለተኛ፣ አስቀድሜ እናገራለሁ፦ «እስከ ስምንት ተኩል ነኝ፣ ከዚያ ልጅ አወጣለሁ።» ደግሞ ስምንት ተኩል ላይ በእውነት መነሳት አለባችሁ። አንዴ ከተነሳችሁ ያ ሰው ሁለተኛ አያረፍድም፤ ካልተነሳችሁ ግን ዕድሜ ልካችሁን ትጠብቃላችሁ።

ስልክ?

የስልካችሁ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ እዩት። አንድሮይድ ላይ «ዲጂታል ዌልቢንግ»፣ አይፎን ላይ «ስክሪን ታይም» ይባላል፣ በየመተግበሪያው ስንት ሰዓት እንደቆያችሁ ቁጭ አድርጎ ያሳያችኋል። ከምክር ሁሉ ይሄ ቁጥር ይበልጣል። እኔ ቲክቶክን አላጠፋሁም፣ ቻርጀሩን ሳሎን አደረግኩት። በቃ። መኝታ ቤት ስልክ ከሌለ አራት ሰዓት ላይ ይተኛል።

ዕቅድ አወጣለሁ፣ ግን እስከ ረቡዕ ይፈርሳል። ችግሩ እኔ ነኝ?

ብቻችሁን አይደላችሁም። ዳንኤል ካነማንና አሞስ ትቨርስኪ የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 1979 ለዚህ ጠባያችን ስም አውጥተውለታል፤ ሰው አንድ ሥራ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበት ሲገምት ሁልጊዜ ነገር የሚሳካበትን ቀን ነው የሚያስበው፣ ባለፈው ስንት እንደፈጀበት እያወቀ እንኳን። እኔ በየዓመቱ ሐምሌ ሒሳብ ዝጊያ ሲመጣ «ዘንድሮ በሁለት ሳምንት እጨርሳለሁ» እላለሁ። አንድም ዓመት በሁለት ሳምንት ጨርሼ አላውቅም። በየዓመቱ ግን እላለሁ።

እኛ ጋ ደግሞ መብራት አለ፣ ማለትም የለም። ውኃ ሌሊት ሲመጣ ተነስቶ በርሜል መሙላት አለ። ባንክ «ሲስተም የለም» አለ። ስለዚህ ሳምንቱን ጢም አድርጋችሁ አትሙሉት። ከ14ቱ ትርፍ ሰዓት እኔ የማቅደው ስምንቱን ብቻ ነው፣ ስድስቱ ለመጣው ነገር ነው። የሆነ ነገር ደግሞ ሁሌም ይመጣል።

ቀን በቁርጥ አለመታወቁ ዕቅድ አይከለክልም። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ ቀኑ የሚቆረጠው አያንቶ የሚባሉት የሲዳማ ከዋክብት ቆጣሪ ሽማግሌዎች ሰማይ አይተው ሲናገሩ ነው። ሆኖም ቀኑ ገና ሳይነገር ቅቤው ተቀምጧል፣ እንሰቱ ተዘጋጅቷል፣ ቀኑ ሲደርስ በዓሉ የሚከበርበት ጉዱማሌ ሰው ሞልቶ ይታያል። ቀኑን ባታውቁም ቅቤውን ማስቀመጥ ትችላላችሁ።

በተቃራኒው ማለቂያ የሌለው ሥራ ደግሞ አለ። ፓርኪንሰን የሚባል እንግሊዛዊ በፈረንጆቹ 1955 ሥራ የተሰጠውን ጊዜ እስኪሞላ ድረስ ይለጠጣል ብሎ ጽፏል። ቤት ማጽዳት ቅዳሜን ሙሉ ከሰጣችሁት ቅዳሜን ሙሉ ይፈጃል። እንግዳ በግማሽ ሰዓት ይደርሳል ሲባል ግን ያው ቤት በግማሽ ሰዓት ጥርት ይላል።

እኔ ፋብሪካ በሽፍት ነው የምሠራው። ይሄ ሁሉ ለቢሮ ሰው አይደል?

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2008 ተመርቆ ከተከፈተ ወዲህ ከተማችን ውስጥ በሽፍት የሚኖር ሰው ብዙ ነው፣ ከእነሱ አንዷ እኛ ግቢ ተከራይታለች፣ ሌሎች ሁለት ልጆች ጋር ናት። አንድ ጊዜ ደብተሬን አሳየኋት። «እኔ ጋ 14 አይተርፍም» አለችኝ። አብረን ደመርን፣ 6 ወጣ። የእሷ ችግር የፕሮግራም ችግር አይደለም፣ የደሞዝና የቤት ኪራይ ችግር ነው፣ ይሄን በደብተር እፈታዋለሁ የሚል ሰው ካለ አትመኑት።

ያደረግነው ትንሽ ነገር ነው። ሦስቱ ልጆች እያንዳንዳቸው በየቀኑ ለየብቻ ያበስሉ ነበር። ወጡን በተራ ማድረግ ጀመሩ። በሳምንት አራት ሰዓት ገደማ ተረፋት፣ በእሱ ኮምፒውተር ትማራለች። ሽፍቷ ሲቀያየር የተወሰነ ሰዓት ስለማይኖራት «ከእንቅልፍ በተነሳሁ በሁለተኛው ሰዓት» ብላ ነው የያዘችው። ይሄን ከእሷ ነው የተማርኩት።

እምቢ ማለት አልችልም። ይሉኝታ ይይዘኛል።

እኔንም ይይዘኛል፣ አገሩ እኮ ነው። «አልችልም» ብሎ ደረቅ ማለት እኛ ጋ ጸብ ነው። በምትኩ የምለው ይሄን ነው፦ «ዛሬ አልሆንልሽም፣ ሐሙስ ማታ ግን ልምጣ?» ወይም ለታላቅ ሰው ከሆነ፦ «ጋሼ፣ ልጅ ብቻውን ነው፣ ይፍቀዱልኝና እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እመጣለሁ።» ቀን ቆርጦ መንገር ነው ቁልፉ። «አንድ ቀን እንገናኛለን» ማለት ከእምቢታ ይብሳል፣ እነሱም ያውቁታል። ደግሞ ሐሙስ ያላችሁትን ሐሙስ ሂዱ።

አለቃ ከሆነ ሌላ ነው። ቀድሞ በምሠራበት ቦታ አንድ አለቃ 11 ሰዓት ከሃያ ላይ «ይቺን ብቻ» እያለ ወረቀት ያመጣ ነበር። እምቢ አላልኩም። «እሺ፣ ይሄን ላስቀድም ወይስ ጠዋት የሰጡኝን?» እለው ነበር። አብዛኛውን ጊዜ «ነገ ይድረስ» ይላል።

ጠዋት 11 ሰዓት መነሳት ግዴታ ነው?

አይደለም። በጊዜ ከተኛችሁ ተነሱ፣ ካልተኛችሁ ተኙ።

ዝም ብሎ መቀመጥስ? እሱን የት ነው የምመዘግበው?

እኔ «ሐይቅ» ብዬ እመዘግበዋለሁ፣ የራሱ መስመር አለው። ሐዋሳ ኖሮ ሐይቁን በወር አንዴ የማያይ ሰው ሞልቷል፣ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ነድቶ የሚመጣው እንግዳ ከእኛ ይበልጥ ያየዋል። እሑድ በጠዋት ልጄን ይዤ ሐይቁ ዳር ያለው ዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ እሄዳለሁ። ጀልባዎቹ ሲመጡ፣ ልጆቹ ዓሣውን እንደ ካልሲ ሲገለብጡት፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ ተሰብስበው አንጀት እስኪወረወርላቸው ሲጠብቁ እናያለን። ልጄ ከአባ ኮዳ አንዱን «የዕድር ሊቀመንበር» ብሎ ሰይሞታል። አንድ ሰዓት ተኩል። ምንም አንሠራም። ይሄን መስመር ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም፣ ለቅሶም ቢሆን ከሰዓት ነው የምደርሰው።

ስንት ጊዜ ነው የምከልሰው?

በየሳምንቱ እሑድ ማታ አሥር ደቂቃ፣ ሦስቱን ነገር አይቼ ስንት ሰዓት አገኙ ብዬ እጽፋለሁ። ዋናው ግን ጳጉሜን ነው። አሥራ ሦስተኛ ወር ያለን ሕዝብ ሆነን ለዚህ አለመጠቀማችን ይገርመኛል፤ አምስት ቀን፣ በየአራት ዓመቱ ስድስት፣ ዓመቱ ያላለቀ ያልጀመረም። ያኔ የዓመቱን ደብተር አውጥቼ እደምራለሁ። ሦስቱን ነገርም እቀይራለሁ፣ ምክንያቱም ልጅ ያድጋል፣ ሥራ ይቀየራል፣ አምና ትልቅ የነበረው ዘንድሮ ላይሆን ይችላል።

ባለፈው ጳጉሜን የእናቴ መስመር 96 ሰዓት ሆነ። ደስ ብሎኝ ይርጋለም ድረስ ደብተሩን ይዤ ሄድኩ። ቡናዋን እየወቀጠች አዳመጠችኝና ሙቀጫውን አቁማ ቀና አለች። «እኔማ በየሁለት ሳምንቱ ስትመጪ» አለች፣ «ከሥራ አባረዋት ነው እያልኩ ስጸልይልሽ ከረምኩ።»